የአያ ዋኘው ግድግዳ

«እመት ሸዋአየሁ፣ ዘንድሮ ብርዱ አልጠናብዎትም? እኔስ እግሬ እንጨት ሆኖ ነው ያደረው። ጥቅምት ሳይጋመስ እንዲህ ከጀመረን ኅዳርን እንዴት ልንገፋው ነው? … ጠጋ ይበሉ እስቲ ወደዚህ፣ ወደ ግድግዳው። እዚህ ይሞቃል። ዳቦውስ ደረሰዎት? ሸጋ ዳቦ ነው፤ የአዝመራ እጅ ይባረክ።»

ይመኙሽ ይህን ያለችው ጮክ ብላ ነው። የእመት ሸዋአየሁ ጆሮ ከደከመ ቆይቷል። ለእሳቸው የተነገረ ነገር ደጅ ለሚያልፈው መንገደኛ ሁሉ ይደርሳል፤ እሳቸው ግን ግማሹን ሰምተው ግማሹን አንገታቸውን እየነቀነቁ ያልፉታል። ይመኙሽ ከዚያ ሁሉ ሴት መካከል መርጣ እሳቸው አጠገብ የተቀመጠችው ለሙቀቱ ብላ አልነበረም።

ቤቱ የአያ ዋኘው ነው። የሚካኤል ማኅበር ተራ ደርሷቸው ጽዋው እሳቸው ዘንድ ገብቷል። ጠላው ተቀድቷል፣ ዳቦው ተቆርሷል፣ የማኅበሩ አባት መምሬ ወልደኢየሱስ ጸሎቱን አድርሰው ከመደቡ ራስጌ ተቀምጠዋል። ከእሳቸው ራስ በላይ ደግሞ፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ በዚያ ዘመን ጎንደር ውስጥ ማንም ቤት የማይታይ ነገር ተሰቅሏል። ከጠመንጃው ውጅግራ አለ፣ ለበን አለ፣ ናስማስር አለ። ዝናር፣ ከነአፎቱ ጎራዴ፣ የተበሳ ኮዳ፣ የጎበጠ ጥሩምባ፣ የአንበሳ ጎፈር ያለበት ለምድም አለ። ሁሉም በአንቺም ሜዳ ጊዜ፣ ከጣልያን መምጣት በፊት የበጌምድርና የሸዋ ሰው ወገን ከወገኑ በተላለቀበት ጦርነት፣ ከሞቱ ወታደሮች የተረፈ ነው። ሌላው ሰው ትርፍ ጊዜ ሲያገኝ ገበጣ ይጫወታል፤ አያ ዋኘው የሟች ጠመንጃ ይሰበስባሉ። ማኅበርተኛው አይቶ እንዲደነቅ ብለው ለዛሬው ቀን ጓዳ የነበረውን ሳይቀር አውጥተው ሰቅለውታል።

የይመኙሽ ዓይን ግን አንዱ ላይ ነው። ሰደፉ አንገት ላይ በፍየል ቆዳ የተጠፈረው ውጅግራ የባሏ የክንዱ ነበር። ቆዳውን በእጇ የጠፈረችው እሷ ናት። ክንዱ አንቺም ላይ ቀርቶ ጠመንጃው ከነዝናሩ ብቻ በጓደኞቹ እጅ ሲመለስ፣ አያ ዋኘው በአደራ ብለው ወሰዱት፤ ይኸው እስከ ዛሬ አደራው አላለቀም። አሁን ጣልያን ጎንደር ከገባ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፣ ታናሽ ወንድሟ አምባቸውም ነገ ሳይነጋ ወደ አርማጭሆ ወርዶ ከአርበኞቹ ሊቀላቀል ነው። አርበኞቹ ደግሞ ጠመንጃ የሌለውን ሰው አይወዱም። ወይ ይመልሱታል፣ ወይም ከሞተ ሰው እጅ እስኪያገኝ ድረስ ዱላ ይዞ እሳት መሃል ይገባል። ይመኙሽ አንድ ጊዜ ባሏን ቀብራለች፤ ሬሳ እንኳ ሳታገኝ። ወንድሟን ዱላ አስይዛ መላክ አንጀቷ አልቻለም።

ቤታቸው ድረስ ሄዳ ለምናቸዋለች፣ ሽማግሌም ልካለች። አያ ዋኘው ግን ይህ ታሪክ ነው፣ ታሪክ አይተኮስም ብለው መለሷት። ዛሬ ማኅበሩ ፊት ተነስታ ሌባ እንዳትላቸው ደግሞ ወጉ አሰራት። ጽዋ በገባበት ቤት ጠብ ያነሳ ሰው ጋን ጠላ ይቀጣል፣ ከደገመም ከማኅበሩ ይወጣል። ማመስገንን ግን የከለከለ ሰው የለም።

«ቀና ብለው ይዩት እስቲ፣ እመት ሸዋአየሁ! አቧራ አለው? ዝገት አለው? የለውም! ሁሉም በቅቤ ታሽቶ ወዝ በወዝ ሆኗል። ሽታውም አይመጣብዎትም? እኔ ስገባ ከአዝመራ ራስ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳያት የእሷ ፀጉር ደርቋል። ምነው ብዬ ሳስብ፣ ለካ ቅቤው ሌላ ባለቤት አለው። … ይሁን፣ ደግም አይደል? ሚስት እንደሆነች ኩርፊያዋ ለሁለት ቀን ነው። ጠመንጃ ግን ካላባበሉት ይዝጋል።»

አዝመራ የአያ ዋኘው ሚስት ናት። ጠላ እየቀዳች ነበር፤ ሻሿን ወደ ፊት ሳብ አድርጋ ፊቷን ወደ ጓዳ አዞረች። ትከሻዋ ሲርገፈገፍ ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች አዩዋት፣ አንዷም በዋንጫዋ አፏን ሸፈነች።

«ይህን ባየሁ ቁጥር አንድ የማውቀው ሰው ትዝ ይለኛል። ስሙን አልጠራም። ደግ ሰው ፊት ለፊት ሲያመሰግኑት ያፍራል፣ አይደል? … የአንቺም ጊዜ በየመንደሩ ለቅሶ እንደነበር እርስዎም ያስታውሳሉ። ያ ሰው የትኛው ለቅሶ ቀረበት? አይከል ቢለቀስ እሱ አለ። ደባርቅ ቢለቀስ እሱ አለ። ድብ ባሕር እንኳ፣ በዚያ ገደል፣ በዚያ ቁልቁለት፣ በቅሎውን እየጎተተ ወርዷል። የሟች ወንድም ሳይደርስ እሱ ደርሶ ደረቱን ሲደቃ ነበር የሚገኘው። መቼም የአገራችን ወግ ነውና ጠመንጃው፣ ዝናሩ፣ ልብሱ ወደ ግቢ ወጥቶ ይለቀስበት የለ? ሌላው አልቃሽ የሟቹን መልክ እያሰበ ያለቅሳል። እሱ ግን ጠመንጃውን አቅፎ፣ አፈሙዙን በዓይኑ ለክቶ፣ ቃታውን በጣቱ ሞክሮ፣ ሰደፉን ገልብጦ… እንዴት ያለ ሐዘን ነው! ክንዱ ሲለቀስ የእናቱ እንባ እንኳ እንዲያ አልወረደም። ‹ጥይቱስ ስንት ቀርቷል?› ብሎ ጠይቆ እንደገና ያለቀሰ አልቃሽ፣ እኔ በዕድሜዬ እሱን ብቻ ነው ያየሁት።»

ስም ስላልጠራች አንቱታውም ቀርቷል። አያ ዋኘው አንተ ተብለው ከተጠሩ ዘመን የላቸውም፤ ቢቆጡ ደግሞ ያ ሰው እኔ ነኝ ማለታቸው ነው። ከመደቡ ማዶ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ወደ መምሬ ዞረውም ስለ ጤፉ ሰብል ጀመሩ። መምሬ ስለ ጤፍ ብዙ የሚናገሩ ሰው ነበሩ፤ ዛሬ ግን አጭር መልስ ሰጥተው ጆሯቸውን ወደ ሴቶቹ መለሱት።

«ለቅሶው ሲያበቃ ደግሞ እንደ ሌላው እጁን ታጥቦ አይሄድም። ‹እህቴ› አለኝ፣ እንባው ገና ጢሙ ላይ ነው፣ ‹እህቴ፣ ይህን ጠመንጃ ባየሽ ቁጥር ሐዘንሽ ይታደስብሻል። እኔ ዘንድ ይቀመጥልሽ። አደራ ነው።› እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል? ጎረቤት ሐዘን ሲካፈል ጥቂት ቆርሶ ነው የሚካፈለው። እሱ የእኔን ሐዘን ሙሉውን ነው ይዞልኝ የሄደው፤ ከነዝናሩ! … ይኸው እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም። ሰው እንዲህ ይታዘንለታል?»

አሁን ሳቁ ከሴቶቹ ወደ ወንዶቹ ተሻገረ። አያ ዋኘው ይህ ነገር ሳይሰፋ ሊቀጩት ፈልገው ሁልጊዜ እንግዳ ሲመጣ የሚያወሩትን ወሬ አነሱ። ያን ለበን ከጠላት እጅ እንዴት እንደነጠቁት፣ ጥይት ጆሯቸውን ጭሮ እንዴት እንዳለፈ፣ እጃቸውን እያወዛወዙ ይተርኩ ጀመር። ይህን ከመናገር ዝም ቢሉ ይሻላቸው ነበር። በዚያ ቤት ካለው ሰው መካከል እሳቸው በጦርነቱ ጊዜ የት እንደነበሩ የማያውቅ የለም።

«ምን ይላሉ መሰለዎት፣ እመት ሸዋአየሁ? የጦርነት ወሬ ነው፣ ይቅርብዎ። እኔ ያ ደግ ሰው በዚያን ጊዜ የደረሰበትን ልንገርዎት። ወገቡን ያዘው! መቼ? የክተቱ አዋጅ በተነገረ በማግስቱ። እስቲ ይፍረዱ፣ በጌምድር ውስጥ ስንት ወገብ ነበረ? እግዜር መርጦ የእሱን ያዘ። ጠበል ገባ። ጦሩ ተነሳ ሲሉት ያቃስታል። አውሮፕላን መጣ ሲሉት ያቃስታል። ከዚያ ጦሩ ተፈታ፣ ሰው አለቀ ተባለ… ጠበሉ ሠራ! ወዲያው! ዘሎ ተነሳና በቅሎውን ጭኖ ወደ ለቅሶ። እኔ ያን ጠበል የት እንደሆነ ባውቅ ክንዱንም እወስደው ነበር። ግን የእኔ ሞኝ ወገቡን አሞት አያውቅም። ጠሩት፣ ሄደ። አንድ እንኳ ‹ውይ› ሳይል ሄደ።»

ክንዱን ትወደው ነበር፣ ዛሬም ትወደዋለች፤ የጠዋት ጉንፋን የያዘው የመሰለ ሳቁ ድንገት ጆሮዋ ላይ መጣባት። ለማልቀስ ግን ቀኑ አልነበረም። ከዳቦዋ ቆርሳ አኘከች፣ በጠላ አወራረደችው።

«ለእናቶችም ያዝናል እኮ! ያን ጥምቀት ያስታውሳሉ? ያ ሰው ከሰበሰባቸው ለምዶች አንዱን ለብሶ ታቦቱ ፊት ሲሸልል የአቶ የሻውን እናት አላዩም? ያ በቀኝ ትከሻው ላይ በቀይ ክር የተጣፈ ለምድ፣ አንቺም የቀረው የሌላው ልጃቸው ነዋ፣ ራሳቸው የጣፉት። ‹ልጄ መጣ!› ብለው እልል አሉ፣ ሰውን እየገፉ ሮጡ። ቀርበው ፊቱን ሲያዩት… አይ፣ መቼም የሞተ ልጅ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ለእናቱ መልሶ የሚያመጣ ሰው ጎንደር ውስጥ ሌላ ማን አለ? መልሶ ወሰደው እንጂ። ለምዱ እንዳይበላሽ ብሎ።»

የሻው በሩ አጠገብ ነበር የተቀመጠው። ዝምተኛ ሰው ነው፣ ሲናገርም ሲቆጣም ብዙ አይታይበትም። እናቱ ከዚያ ጥምቀት በኋላ አልጋ ላይ ውለው በዓመቱ እንደሞቱ ግን ሁሉም ያውቃል። ዋንጫውን መሬት ላይ አስቀመጠና ቀስ ብሎ ቀና አለ። ለምዱ ከጥሩምባው ጎን ተሰቅሏል፤ ቀዩ ክር ከበሩ ድረስ ይታያል። እሱ ቀና ሲል ጎኑ ያለው ሰው ቀና አለ፣ ከዚያም ሌላው። አንዷ ሴት የተበሳውን ኮዳ በአገጯ እያሳየች ለጎረቤቷ አንሾካሾከች። አያ ዋኘው ስህተታቸው ያን ጊዜ ሳይገባቸው አልቀረም። ለኩራት ብለው ከሰቀሉት ነገር ሁሉ ሥር ባለቤት ባለቤቱ ተቀምጦ ኖሯል።

ይመኙሽ ግን የቀናውን አንገት ያየችም አልመሰለች፤ ወሬዋን ወደ እመት ሸዋአየሁ ጠጋ ብላ ቀጠለች።

«ልቡስ? ስለ ልቡ ምን ልበልዎት! ጣልያን ‹መሣሪያ ያለህ አስረክብ› ብሎ ሲያውጅ የእኛ ወንዶች ምን አደረጉ? ፈሩ፤ በየጓሮው ቀበሩ። እሱ ግን አልቀበረም። ሹሙን ራሱን ቤቱ ጠራው፣ ዶሮ ሠርቶ! ‹ጌታዬ፣ እነዚህ አይተኩሱም፤ ጌጥ ናቸው› አለው። ያ ባለ ባርኔጣም እያንዳንዱን እየነካካ ሳቀ። ‹ቤሎ፣ ቤሎ› ብሎ አድንቆ በብር የተለበጠውን ጋሻ ለራሱ ይዞ ሄደ። … የክንዱ ጠመንጃ ጌጥ መሆኑን እኔም ያን ቀን ነው የሰማሁት። ክንዱ ይህን ሳያውቅ ሞተ እኮ! የሚነግረው አጥቶ እስከ መጨረሻው ሲተኩስበት ነበር።»

አንዱ ተነስቶ በሩን ገርበብ አደረገው። ጣልያንን በስሙ ጠርቶ እንዲህ መሳቅ ውሎ አድሮ ዳፋው ለመንደሩ ይተርፋል። ይመኙሽም ገብቷት ወሬውን ወደ እርሻ አዞረችው።

«ለነገሩ የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው። ወንድሜ አምባቸው ነገ ሳንጃ ቆላ ይወርዳል፤ ሰሊጥ አጨዳ። ሰሊጡስ ሸጋ ነው አሉ፣ ግን ቆላው ዘንድሮ ከርከሮ በዝቶበታል። የድሮው ከርከሮ በእግሩ መጥቶ በእግሩ ይመለስ ነበር። የአሁኑ በማኪና ነው አሉ የሚመጣ! ‹ዱላ ያዝ› ስለው ‹ይህ ከርከሮ ዱላ አይፈራም› አለኝ። እሱም እውነቱን ነው። ታዲያ ምን ላድርግ? ያ ደግ ሰው ጋ ሄድኩ። ‹አደራዬን› አልኩት። ምን ብሎ መለሰልኝ? ‹ከተተኮሰበት ይቆሽሻል!› … አየሁት፣ እውነቱን ነው። ባሩድ ያቆሽሻል። ወንድሜም ቢሞት ልብሱ ነው የሚቆሽሸው፤ እሱን እኔ አጥበዋለሁ። ጠመንጃ ግን ማን ያጥባል?»

ከዚህ በኋላ የሳቀ ሰው አልነበረም። መምሬ ወልደኢየሱስ ጭራቸውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛውረው አያ ዋኘውን ትክ ብለው አዩአቸው። የተሰደበ ሰው ቢኖር ይቀጡ ነበር፤ ከምስጋና በቀር የወጣ ቃል የለም። የሻው ደግሞ ከተቀመጠበት ተነስቶ ቆሟል፣ ምን ሊያደርግ እንደሆነም አልታወቀም። አያ ዋኘው ለምዱን አዩ፣ ኮዳውን አዩ፣ ወደ ላይ የቀናውን አንገት ሁሉ አዩ። አሁን አንዱን ካልለቀቁ ሁሉንም በየተራ ሊጠየቁ ነው። እሳቸው ደግሞ ሰው ሳይጠይቃቸው የሰጡ መምሰልን ያውቁበታል።

እናም ብድግ አሉ። ለሚካኤል ክብር ሲሉ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ በልባቸው ያሰቡትን ዛሬ እንደሚፈጽሙ ተናገሩ። ለይመኙሽ ያን ውጅግራ በገዛ ፈቃዳቸው እንደሚሰጧት፣ ሰሊጡ ታጭዶ ሲያበቃም ወልውላ እንድትመልሰው፣ አደራዋንም እንዳትበላ ረዘም አድርገው መከሩ። አደራ የሚለውን ቃል ሲጠሩ ድምፃቸው ምንም አልተንቀጠቀጠም። በርጩማ ላይ ወጥተው ጠመንጃውን አወረዱት።

ይመኙሽ በሁለት እጇ ተቀብላ የፍየሉን ቆዳ ሳመችው። ከዚያ ክንዱ እንዳሳያት የጀርባውን ብረት ስባ ከፈተችና አፈሙዙን ወደ በሩ ብርሃን አድርጋ በውስጡ አየች። ብርሃኑ አልመጣም። አያ ዋኘው ለዓመታት ያፈሰሱት ቅቤ በብርዱ ረግቶ እስከ አፉ ሞልቶታል።

«እመት ሸዋአየሁ፣ የደግነት ነገር! ስንቁም አብሮ ተጭኗል። አምባቸው መንገድ ላይ ሲርበው ዳቦውን እያጠቀሰ ይበላል።»

ቤቱ ፈነዳ። አዝመራ ጓዳ ድረስ ሳትደርስ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፣ የሻው እንኳ ጥርሱ ታየ። አያ ዋኘው ከሳቁ ጋር እየሳቁ ከበርጩማው ሊወርዱ ሲሉ፣ ይመኙሽ ዳቦዋን አንስታ ሁለት ቦታ ከፈለችው።

«ይህ ዳቦ ግን ምነው ለግማሽ ሰው ተቆረሰ? … አይ፣ ለማለት ያህል ነው። ጠመንጃ ብቻውንም ቢሆን ይበቃል፤ ከርከሮው ጥይት መኖሩን አለመኖሩን በምን ያውቃል?»

አያ ዋኘው በርጩማው ላይ እንደቆሙ ዘወር አሉ፤ የክንዱን ዝናርም ከነጥይቱ ፈትተው አቀበሏት። አዝመራ ተነስታ ጨርቅና ቀጭን እንጨት አመጣችላት፣ ሁለቱ ሴቶችም እዚያው መደቡ ሥር ተቀምጠው የቅቤውን እንክብል ከአፈሙዙ ገፍተው አወጡት። አዝመራ ቅቤውን አልጣለችውም፤ በመዳፏ ይዛ ራሷ ላይ አደረገችው። ይመኙሽ ብርሃኑ ከወዲያኛው ጫፍ ሲገባ አየችና ደረቷ ቀለል አላት። አምባቸው ባዶ እጁን አይሄድም።

የቀረው ምርቃቱ ነው። በማኅበር ፊት ስጦታ የተቀበለ ሰው መርቆ ካልተቀመጠ ነውር ነው፤ የተመረቀውም አሜን ካላለ ምርቃቱን ገፋ ይባላል፣ ይህም አይወደድም። ይመኙሽ ጠመንጃውን አንግታ ቆመች። ሁሉም ሰው መዳፉን ዘረጋ፣ አያ ዋኘውም ዘረጉ። እሷ ግን ፊቷን ወደ እሳቸው አላዞረችም።

«እመት ሸዋአየሁ፣ እርስዎ ታላቃችን ነዎት፤ አሜን ይበሉልኝ። ያን ደግ ሰው ሚካኤል በክንፉ ይጋርደው።»

«አሜን!» አለ ቤቱ። አያ ዋኘው ጥቂት አመነቱ፤ ሁሉም ግን እሳቸውን እየጠበቀ ነበርና «አሜን» አሉ።

«ወገቡን ይማርለት። እንደ ማቱሳላ ዕድሜውን ያርዝምለት።»

«አሜን!» አያ ዋኘው አሁን ከሰው እኩል አሉ፤ ዕድሜ ማን ይጠላል? ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ፊታቸውም ፈታ ብሏል።

ይመኙሽ ድምጿን ማር አደረገችው።

«መቼም ለማንም የማይቀር ነውና ቀኑ ሲደርስ፣ ለቅሶው ይድመቅለት። ከዘመድ ሁሉ ቀድሞ እንደ እሱ ያለ አልቃሽ ይድረስለት። ሚስቱ ብቻዋን ስትቀር፣ የእሱንም ዕቃ በአደራ የሚይዝላት፣ ልክ እንደ እሱ ያለ ሩኅሩኅ ሰው ይዘዝላት።»

«አሜን!» አለች አዝመራ፣ ከሁሉ ቀድማ።